የደምለው ክንድና የአንማው ገመድ

በእኛ በጥድ አፋፍ ገበያ ገመድ ልትገዛ ብትወጣ፣ ሻጩ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት እጅህን ያያል። “ስንት ክንድ?” ብሎ አይጀምርም፤ “በማን ክንድ?” ነው የሚለው። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ክንድ ያው ክንድ ነው፣ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው፣ ደግሞ ምን የማን አለው ይላል። የአገሩ ሰው ግን አይስቅም። አጠገቡ ዕድሜ የጠገበ ሰው ካለ አንዲት ተረት ጣል ያደርግለትና ዝም ይላል።

ያቺ ተረት እንዲሁ ከሜዳ አልተለቀመችም። አንድ ሰው እግሩን ከፍሎባታል፤ አንዲት ሴት እናቷን ሳትቀብር ቀርታባታለች። ታሪኩን የነገረችኝ አክስቴ ናት። እሷ በዚያ ጊዜ ገና ያልተዳረች ልጅ እግር ስትሆን፣ ከገደሉ አፍ ቆመው መቀነታቸውን ፈትተው ከሰጡት ሴቶች አንዷ ነበረች።

ጥድ አፋፍ ስሙ እንደሚለው ከገደል አፍ ላይ የተቀመጠ አገር ነው። ከመንደሩ በስተምዕራብ ያለውን ገደል ማር ገደል ይሉታል። ገደሉ ከላይ ሲያዩት ሆዱን ወደ ውጭ የነፋ ነው፤ ከሆዱ በታች ወደ ውስጥ ይገባና አንዲት ጠባብ እርከን ይሠራል። ንቦቹ ከዚያች እርከን በላይ ካለው ስንጥቅ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ከአፋፉ ቆሞ እርከኗን ማየት አይቻልም። ወደ እሷ የሚያደርሰው ገመድ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን በዚያ ገመድ የሚወርደው ሰው ደምለው ይባል ነበር። አባቱም ማር ቆራጭ ነበሩ። ደምለው ቁመቱ ሎጋ፣ ቤት ሲገባም ሲወጣም የሚያጎነብስ፣ ክንዱ ረጅም ሰው ነበር፤ ወንድሙ ታፈረም እንደዚሁ። ቤተሰቡ በሙሉ በቁመቱ የታወቀ ነው። ሚስቱ ውድነሽ ግን የቆላ ልጅ ነበረች፤ አገሯ ሰንሰል ሜዳ ይባላል፤ ቁልቁለቱን ወርደው ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ነው። ግማሽ ቀን ስል ለወራጅ ነው፤ ለወጪ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

የውድነሽ ታላቅ ወንድም አንማው ሰንሰል ሜዳ ውስጥ ገመድ ገማጅ ነበር። እሱ ደግሞ አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ጣቶቹ ወፋፍራም። የአንማው ገመድ ተበጠሰ ሲባል የሰማ ሰው የለም። ቃጫውን ራሱ ይዘፈዝፋል፣ ራሱ ይደልቃል፣ ራሱ ይገምዳል፤ ሰው አያስነካም።

ሁለቱ አማቾች ጠላቶች አልነበሩም። ወዳጆችም አልነበሩም። በሠርጉ ቀን በጥሎሽ ነገር ሁለት ሦስት ክፉ ቃል ተለዋውጠው ነበር። ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ ወዲያው ቢበርድም ከዚያ ወዲያ አንዱ የሌላውን ደጅ ያለ ጉዳይ አይረግጥም። ውድነሽ በመካከላቸው ሆና፣ አንድ ቀን አንድ ትሪ ላይ ሲበሉ ማየት ትመኝ ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ በረታና ሲወጣ ደምለው የአባቱን ገመድ ከጎታው ሥር ሊያነሳ ቢሄድ ምስጥ በልቶት አገኘው። ጊዜው ጥቅምት አጋማሽ ነው። የአባቱ ሙት ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ተቆርጧል። ማሩ ካልተቆረጠ ጠጅ የለም፤ ጠጅ ከሌለ ደግሞ የማር ቆራጭ ሙት ዓመት ምን ተብሎ ይወጣል። ማልዶ ተነሣና ቁልቁል ወደ ሰንሰል ሜዳ ወረደ።

አንማው ደጁ ላይ ቃጫ ሲደልቅ ደረሰበት።

“ደህና ዋልክ አያ አንማው።”

“ደህና ዋልክ ደምለው። በል ግባ፣ እረፍ።”

“አልቀመጥም። ዛሬውኑ መመለስ አለብኝ፤ በዳገቱ ላይ ሊመሽብኝ ነው። አርባ ክንድ ገመድ ፈልጌ ነው የመጣሁት። የአባቴን ምስጥ በላው።”

አንማው የቃጫውን ነዶ አስቀምጦ በጣቱ ቆጠረ። “በቀን አምስት ክንድ ነው የምገምደው። አርባው ስምንት የሥራ ቀን ይፈልጋል። ሰንበቱንና በዓሉን ስትጥልለት እስከ መድኃኔዓለም ይደርሳል።”

“መድኃኔዓለም ይበቃኛል። ከዚያ ካለፈ ግን ጠጁ አይደርስም።”

“ይደርሳል። ብቻ አሁን አረፍ በል። ይህን ያረጀ ገመድ ዘርግተን አንዴ በክንድህ እንለካውና ምልክት ላድርግበት። እደርና ነገ ማልደህ ትወጣለህ። እናታችንም አንተን ካየች ስንት ጊዜዋ ነው።”

“ምን የሚለካ አለው?” አለ ደምለው። ዓይኑ ፀሐይዋ ላይ ነበር። “አርባ ክንድ አርባ ክንድ ነው። የአባቴም አርባ ነበር።”

ጠላ ቀረበለት፤ ቆሞ ጠጣው። ዋንጫውን መለሰና ሄደ።

ከውስጥ የአንማው እናት እሜቴ ጥሩወርቅ ድምፅ ሰምተው ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። “ማነው እሱ?” አሉ።

“ደምለው ነበር እማ።”

“የልጄ ባል? ሳይቀመጥ ሄደ?”

አንማው ቃጫውን አነሣና መደለቁን ቀጠለ።

ገመዱ በተባለው ቀን አለቀ። አንማው አርባውን ለካ፤ ሁለት ክንድ ደግሞ ምርቃት ጨመረበት። ሰው ልኮ መስጠት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ራሱ ተሸክሞት ዳገቱን ወጣ። ከሠርጉ ወዲህ ወደ እህቱ ቤት ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር። ውድነሽ ከበር ስታየው ምን እንደምታደርግ ጠፋት። ዶሮ አሠራች፣ ጎረቤት ጠራች፣ ወንድሟንና ባሏን አንድ ትሪ ላይ አስቀመጠቻቸው። አክስቴ ስትነግረኝ፣ “ያን ማታ የውድነሽ ሳቅ ከእኛ ቤት ይሰማ ነበር” ብላኛለች።

ደምለው ገመዱን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ እየሳበ ሞከረው። “ይህ እኮ በሬ ይጎትታል” አለ። ከዚያም፣ “አርባ ነው?” ብሎ ጠየቀ።

“አርባ ሁለት። ሁለቱ ምርቃት ነው።”

“እግዜር ይስጥልኝ አያ አንማው።”

ከእራት በኋላ ደምለው ክንዱን አንሥቶ አልለካውም። የሚስቱን ታላቅ ወንድም ስጦታ ፊቱ ላይ መለካት ነውር መሰለው። አንማውም ለካው አላለውም።

በማግሥቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ማር ገደል ሄዱ። ደምለው፣ አንማው፣ ታፈረ፣ ጥቂት ጎረቤቶች፣ አያ ልመንህም ነበሩ። አያ ልመንህ ከደምለው አባት ጋር በወጣትነታቸው ገደሉን የወረዱ፣ ኋላ ጉልበታቸው ሲደክም የተዉ ሽማግሌ ናቸው። ገደሉ ውስጥ ጉም ሞልቶ ነበር፤ ከአፋፉ ሦስት አራት ክንድ ወርዶ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። ገመዱን ከአፋፉ ወይራ ግንድ ላይ አሰሩት።

“ጫፉ ላይ ድንጋይ እሰርና መጀመሪያ አውርደህ አድምጠው” አሉ አያ ልመንህ። “እርከኗን ሲነካ ኳ ይላል። አባትህ ሳያደምጥ አይወርድም ነበር።”

“ጉሙ ሲገፈፍ ፀሐይዋ ንቡን ታሞቀዋለች አባባ። ብርድ ሳይለቀው ልድረስበት።”

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ዘጉት። ደምለው የጭስ ችቦውን ጀርባው ላይ አስሮ፣ የማሩን ቅል በትከሻው አንግቶ፣ ገመዱን በእግሩ ጠምጥሞ ወረደ። ጉሙ ዋጠው።

ከላይ ያሉት ገመዱ ሲወጠርና ሲላላ እያዩ ቆሙ። ቆየት ብሎ መንቀሳቀሱ ቀጥ አለ። ከዚያ ከታች ድምፅ መጣ።

“ገመዱ አለቀ።”

“ምን አለ?” አለ ታፈረ።

“አለቀ ነው የሚለው” አለ አንድ ጎረቤት።

አንማው ራሱን ነቀነቀ። “እንዴት ያልቃል? አርባ ሁለት ነው። እኔ ነኝ የለካሁት። ሆዱ ላይ አንድ ጥግ ይዞት ይሆናል።” ወደ ገደሉ ተጎንብሶ ጮኸ፤ “ይዞት ነው፤ ነቅንቀው።”

ደምለው የአንማውን ቃል አመነ። እጁ ብቻ ይዞት ተንጠልጥሎ ሳለ ገመዱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ የነቀነቀበት ጉልበት ኋላ ያስፈለገው ጉልበት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ እንደገና መጣ፤ አሁን ቀጭን ሆኗል።

“አልያዘውም። እግሬ አየር ላይ ነው። ሳቡኝ።”

ሳቡ። ገደሉ ሆዱን የነፋበት ቦታ ሲደርስ ግን ገመዱ ድንጋዩ ላይ ነከሰ። ሁለት ክንድ ያህል ወጣና አልንቀሳቀስ አለ። ሰዎቹ ተጨንቀው ሲጎትቱ፣ ሲለቁ፣ እንደገና ሲጎትቱ ጉሙ መሳሳት ጀመረ። ፀሐይ ወጣች። የንብ ድምፅ ከታች ተነሣ።

“ልለቅ ነው” ሲል ሰሙት። እንደ ጩኸት አልነበረም፤ ለሰው ሥራውን እንደሚናገር ሰው ነው ያለው። ገመዱ በእጃቸው ቀለለ። ከዚያ የወደቀበት ድምፅ መጣ።

እግዜር ሲረዳው እርከኗ ላይ ነው የወደቀው፤ ከእሷ ወዲያ ሌላ የሚይዘው አልነበረም። ግን ግራ እግሩን አጥፎ ነው የወደቀው፤ ጭኑ ተሰበረ። ከላይ ሲጣሩ “አለሁ” አለ።

አሁን የሚያደርስ ገመድ የለም። ሰው ወደየቤቱ ሮጠ። የአልጋ ጠፍር፣ የሞፈር ምራን፣ የከብት ማሰሪያ የተገኘው ሁሉ መጣ። ሴቶቹም ተከትለው ደርሰው መቀነታቸውን ፈቱ። አንማው ሁሉንም ቀጣጠለ፤ መቋጠር የሚያውቅ እሱ ነበርና። ታፈረ ወርዶ ወንድሙን ከጀርባው አስሮ ወጣ። ደምለው አፋፉ ላይ ሲደርስ ፊቱ በንብ አብጦ ዓይኑ አይታይም፤ ውድነሽ በድምፁ ነው ያወቀችው። ታፈረ እንደ ተናገረው፣ ከገመዱ ጫፍ እስከ እርከኗ ያለው የአንድ ጎጆ ቁመት ነበር።

ወጌሻ መጥቶ ጭኑን አሰረ። አጥንቱ ገጠመ፤ ግን አጥሮ ገጠመ። ማሩ ሳይቆረጥ ቀረ። የአባቱ ሙት ዓመት በጠላ ወጣ።

ክፉው ነገር ከዚያ በኋላ መጣ። ታፈረ ገመዱን ወስዶ ደጁ ላይ ዘረጋና በራሱ ክንድ ለካው። ሠላሳ አራት አልሞላም። እንደገና ለካው፤ ያው ነው። ጎረቤት ጠርቶ አሳየ።

“አርባ አዘዝን፣ አርባ ሁለት ነው ብሎ ሰጠን፣ ሠላሳ አራት እንኳ አይሞላም” አለ። “የጥሎሹን ቂም ነው የተወጣው። ያውም ምርቃት ብሎ።”

ወሬው ሰንሰል ሜዳ ደረሰ። አንማው ሲሰማ፣ “አርባ ሁለት ነው” አለ፤ “ነገም ብትጠይቁኝ አርባ ሁለት ነው።” የቆላ ዘመዶቹም ተቆጡ። ገማጁን ሌባ ለማለት ገመዱን ቆርጠውታል አሉ። እንግዲህ ሁለቱም ወገን ቁጥር አለው፤ ሁለቱም በቁጥሩ ይምላል።

ደምለው ራሱ አልጋ ላይ ሆኖ ብዙ አልተናገረም። አንድ ቀን ሕመሙ ሲብስበት ግን ውድነሽን፣ “ወንድምሽ ገመድ አልነበረም የለካልኝ፣ መቃብር ነው” አላት። ያን ቃል ኋላ እስኪሞት ድረስ ሲጸጸትበት ኖሯል። እሷ ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣች።

በዐቢይ ጾም መግቢያ እሜቴ ጥሩወርቅ ታመሙ። አልቆዩም። አንማው ለእህቱ መርዶ ነጋሪ ሰደደ። ሰውየው ዳገቱን ወጥቶ ከደምለው ግቢ በር ሲደርስ ታፈረን አገኘ።

“ከየት ነህ?”

“ከሰንሰል ሜዳ። አንማው ልኮኝ ነው፤ ለውድነሽ...”

“ከአንማው ቤት የሚመጣ ቃል እዚህ ቤት አይገባም። በመጣህበት ተመለስ።”

“ስማኝ እንጂ ወንድሜ፣ ነገሩ...”

ታፈረ በሩን ዘጋበት። ሰውየው ጥቂት ቆመና ተመለሰ። ለሌላ ጎረቤት እንኳ ቢነግር ይደርሳት ነበር፤ እሱም ተቀይሞ ሳይናገር ወረደ።

ውድነሽ የሰማችው በገበያ ቀን ነው። የአገሯ ልጅ የሆነች ጨው ሻጭ ፊት ለፊቷ ቆማ እያየቻት፣ “ምን ልብ ቢኖርሽ ነው እናትሽን ሳትቀብሪ የቀረሽው?” አለቻት። አክስቴ አብራት ነበረች። ውድነሽ የያዘችውን ቅርጫት ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። አላለቀሰችም። ቅርጫቱን ለአክስቴ ትታ ከገበያው በቀጥታ ቁልቁለቱን ያዘች። የእናቷ መቃብር ላይ ስትደርስ አፈሩ ደርቆ ነበር።

ወደ ባሏም አልተመለሰችም። ሲልኩባት፣ “እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ መሬት ላይ ሳይቀመጡ እኔ ከማንኛውም ቤት አይደለሁም” አለች። ከወንድሟ ቤትም አላደረችም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለች የአንዲት መነኩሲት ጎጆ ተጠጋች።

ያን ጊዜ ነው አያ ልመንህ ከደጋም ከቆላም ሽማግሌ ሰብስበው፣ ከዳገቱ አጋማሽ ካለው ሾላ ሥር ሁለቱን ወገን የጠሩት። ደምለውን በበቅሎ አመጡት። አንማው ዘመዶቹን ከኋላው አድርጎ መጣ። ውድነሽ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆመች። ታፈረ ገመዱን ተሸክሞ መጥቶ መሃል ላይ ጣለው።

“ደምለው፣ ስንት ብለህ አዘዝክ?” አሉ አያ ልመንህ።

“አርባ ክንድ።”

“አንማው፣ አንተ ስንት ሰጠህ?”

“አርባ ሁለት አባባ።”

“በፊታችሁ ይለካ” አለ ታፈረ። ተንበርክኮ በክንዱ ለካ፤ ሠላሳ ሦስት ከግማሽ አለፍ ብሎ አለቀ። የደጋ ሰዎች አጉረመረሙ። አንማው ተነሣ፤ እሱም ተንበርክኮ ከዚያው ጫፍ ጀምሮ ለካ። ሰው ሁሉ አብሮት ይቆጥር ነበር። አርባ ሁለት ላይ ገመዱ አለቀ። አሁን ማንም አላጉረመረመም። አንድ ሽማግሌ አማተቡ።

አያ ልመንህ ሁለቱንም አዩአቸው። “ደምለው፣ ወደዚህ ተጠጋ። አንማው፣ አንተም። ክንዳችሁን መሬት ላይ አኑሩ፤ ክርን ለክርን ይግጠም።”

ደምለውን ደግፈው አስቀመጡት። ሁለቱ ሰዎች አፈሩ ላይ ክንዳቸውን ጎን ለጎን ዘረጉ። የደምለው ጣት የአንማውን ጣት አንድ ጋት ሙሉ አልፎት ሄደ።

ሽማግሌው በያዙት ዘንግ ከየጣታቸው ጫፍ አፈሩን ጫሩ። “አንሡና እንደገና ከጫርኩት ላይ አኑሩ” አሉ። እንዲህ እያሉ አስቀጠሏቸው። ደምለው አራት ሲል አንማው አምስት ብሎ፣ የሁለቱ ጭረት አንድ ላይ ገጠመ።

“አያችሁ?” አሉ። “አራቱ የደምለው አምስቱ የአንማው ነው። አርባው የደምለው ደግሞ ሃምሳው የአንማው ነው። አንማው አርባውን ሰጠ፣ ሁለት መረቀ። ስምንት ክንድ ጎደለ። የሰረቀ የለም። የዋሸም የለም።”

ከሁሉ በፊት የተናገረው አንማው ነው፤ ዓይኑን ከጭረቱ ላይ አላነሣም።

“አልዋሸሁም። ግን አላወቅሁም ማለት አልችልም። አርባውን ለክቼ ስጨርስ ሰውየው ረጅም ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ልልክበትና ላስጠይቅ ነበር። አሥር ክንድ ቢጨምር ሁለት ቀን ነው፤ መድኃኔዓለም ያልፋል። ደግሞም ‘ምን የሚለካ አለው’ ብሎኝ፣ ቆሞ ጠጥቶ ሄዶ ነበር፤ ከፍቶኝ ነበር። ሁለት ክንድ ጨምሬ ልቤን አሳረፍኩ። ገደሉ ላይም አለቀ ሲለኝ አላመንኩትም።”

ደምለው የተሰበረ እግሩን በእጁ ደገፍ አድርጎ አየው። “እንለካው ብሎኝ ነበር” አለ ለሽማግሌዎቹ። “እደር ብሎኝ ነበር። እናቱ ሊያዩኝ እንደሚፈልጉም ነግሮኝ ነበር። እኔ ፀሐይ ሳይ ነበርኩ።”

ይህን ሲል ውድነሽ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “እናቴ ሳይቀመጥ ሄደ ወይ ብላ ጠየቀች አሉ። ልጄስ መቼ ትመጣለች ብላ ጠየቀች አሉ። ይኸው ሂሳቡ ተገኘ። ለእሷ ማን ይወስድላታል?”

ታፈረ ከተቀመጠበት ተነሣ። ከሾላው ሥር ትልቅ ድንጋይ ፈልጎ ትከሻው ላይ አድርጎ መጥቶ ከእግሯ ሥር ተንበረከከ። “በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ” አለ። ሽማግሌዎቹ ይቅር በይው አሏት። ብዙ ቆይታ፣ “ድንጋዩን አውርድ” አለችው። ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ ሽማግሌዎቹም ከዚህ በላይ አልጠየቋትም።

ታረቁ። ውድነሽ ወደ ባሏ ተመለሰች። አንማው በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ዳገቱን እየወጣ የደምለውን ማሳ ያርስ ነበር፤ ደምለውም ከድንበሩ ላይ ተቀምጦ በሬዎቹን በየስማቸው እየጠራ ሲያተጋለት ይውል ነበር። ክፉ ቃል በመካከላቸው አልተሰማም። ነገር ግን ያን የዶሮ እራት ማታ የነበረው ጨዋታ አልተመለሰም፤ ሲበሉ እንኳ ዓይን ለዓይን አይተያዩም ነበር ትላለች አክስቴ። ማር ገደልን ከዚያ ወዲያ የወረደ ሰው የለም። ደምለው አመሻሽ ላይ በምርኩዙ እየተደገፈ ከአፋፉ ሄዶ ይቀመጥና ንቦቹ ሲገቡ ያዳምጥ ነበር። ውድነሽ ለእናቷ በየዓመቱ ዝክር አወጣች፤ አንድም ዓመት አላስታጎለችም፤ ግን ስታወጣ ሁልጊዜ አፈሩ ደርቆ ነበር ትል ነበር።

ያን ዕለት ከሾላው ሥር ሰው ሲበተን፣ ከቆላ የመጣ አንድ ጎልማሳ አያ ልመንህን ጠጋ ብሎ፣ “እንግዲህ አባባ፣ ጥፋቱ የማን ነው እንበል?” ብሎ ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ገመዱን ከመሬት አንሥተው ይጠቀልሉ ነበር። “እኔም አለሁበት” አሉ። “ድንጋይ እሰርና አድምጠው አልኩት፤ እንቢ ሲለኝ ደግሜ አልተናገርኩም። ሁላችንም የምናውቀው የመሰለንን ሳንጠይቅ ቀረን።” ጥቅሉን ጨርሰው ለአንማው ሰጡትና ወደ ዳገቱ ዞረው፣ የሰማው ሁሉ ይዞት ወደየአገሩ የገባውን ቃል ተናገሩ፤ “በሰው ክንድ የለኩት ገመድ፣ ያስቀራል ከግማሽ መንገድ።”